ቡልቡላ የቀረው ቀዩ ሮቦት

ከአዳማ ሻሸመኔ መሄድ ጉዞ ነው ብል የሰፈሬ ሹፌሮች ይስቁብኛል። እነሱ ጠዋት ወጥተው ማታ ቤታቸው የሚገቡበት መንገድ ነው። እኔ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። በሦስቱ ቀን ውስጥ ሐይቅ ያየሁት በመኪና መስኮት ብቻ ስለሆነ ላንጋኖ እንዴት ነበር ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ስለ አንድ ካርቶን ግን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ሰናይት እባላለሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። መልካሳ የዘር ላብራቶሪ ውስጥ የበቀለና ያልበቀለ ቦሎቄ ስቆጥር እውላለሁ። ሰው ቤት ስትገቡ ቡፌው ውስጥ ብርጭቆና የሠርግ ፎቶ ታያላችሁ፤ የኔ ቡፌ ውስጥ ግን ሮቦቶች ቆመዋል። ጃፓኖች ድሮ፣ እኛ ልጆች ሳለን፣ ከብረት የሚሠሯቸው መጫወቻዎች ነበሩ። እጅና እግሩን ስታጣጥፉት ሮቦቱ መኪና ወይም አውሮፕላን ይሆናል። አሁን እነዚያኑ እንደገና እያመረቷቸው ነው፤ መልካቸው የድሮው ሆኖ መገጣጠሚያቸው ጠንከር ያለ ነው። እኔ የምሰበስበው እነዚህን አዲሶቹን ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ "በዚህ ዕድሜሽ?" ይሉኛል። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ!

ነገሩ የጀመረው በአባታችን ነው። አባዬ ለጃፓን የመንገድ መሐንዲሶች ሹፌር ነበር። አንድ ጊዜ ከመስክ ሲመለስ መሐንዲሶቹ የሰጡትን ሁለት ሮቦት ይዞልን መጣ። የእሳት አደጋ መኪና የሚሆነው ቀዩ ለኔ፣ ባቡር የሚሆነው ሰማያዊው ለወንድሜ ለዳንኤል ሆነ። በዚያው ክረምት አባዬ ታሞ ሞተብን። ከጥቂት ወራት በኋላ እማዬ ሐዘኑ ትንሽ እንዲቀለን ብላ ሶደሬ ወሰደችን። ዳንኤል ባቡሩን አንዴ እንኳ አላስይዝሽም አለኝ። እኔም ነጠቅሁትና ወርውሬ አዋሽ ውስጥ ከተትኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሱ አሥራ አንድ።

አልመታኝም። ቢመታኝ በተሻለኝ! ይኸው እስከዛሬ በየበዓሉ ማዕድ ላይ "ሰናይት ማለት ለአዞ መጫወቻ የገዛች ብቸኛዋ ሴት ናት" ይላል። ቤቱ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይኑ ከሰው ላይ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ይሄዳል። ያቺን አስተያየቱን ሳላይ ያለፍኩበት በዓል የለም።

ዳንኤል ባለፈው እሁድ ሃምሳ ዓመት ሞላው። ለዚያ ቀን አዲሱን ሰማያዊ ባቡር ልሰጠው ዓመት ሙሉ ስፈልግ ነበር። ቻይና የሚመላለስ ነጋዴ "አመጣልሻለሁ" ብሎ ቀዩን ይዞልኝ መጣ። "ሰማያዊው አልቋል፤ ቀዩ ደግሞ ያምራል" አለኝ። ቀይ ነበረኝ፤ ሁለተኛ ቀይ ሆነልኝ። በመጨረሻ በቴሌግራም የተዋወቅሁት አንድ ሰብሳቢ፣ ሻሸመኔ ያለ ዶክተር ከድር የሚባል የጥርስ ሐኪም፣ "ሰማያዊ ሁለት አለኝ፤ በቀይ እንለዋወጥ" አለ። ስልክ ላይ ሦስት ጊዜ ስለ ካርቶኑ ጠየቀኝ። "ጠርዙ አልታጠፈም? ቀለሙ አልለቀቀም? እርጥበት አልነካውም?" እንዳልተከፈተ ነገርኩትና ስልኩን ዘጋሁ። የአንዳንድ ሰው ጣጣ አያልቅም ብዬ በሆዴ አማሁት።

ሐሙስ

ሻንጣዬን በአንድ እጄ፣ ቀዩን ከነካርቶኑ በትልቅ ፌስታል በሌላው እጄ ይዤ ወጣሁ። ሻንጣው ውስጥ ከትቼው ጠርዙ ቢታጠፍስ? እንደ እንቁላል በእጄ ላይ ላደርሰው ወሰንኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ ልብ በሉልኝ።

ሞጆ ላይ መኪና ቀየርኩ። አዳማ ነፋሱ አቧራ ያለብሳችኋል እንጂ ቢያንስ ይነፍሳል፤ ሞጆ ያን ዕለት ጸጥ ብላ እንደ ምጣድ ትግል ነበር። መቂ ስንደርስ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ፓፓያ። አንዲት ሴት ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ምንም ያልቀረው ፓፓያ አቀበለችኝ፤ አዳማ በዚያ ዋጋ ግማሹን አታገኙም። "እጄ ሞልቷል እናት" ብዬ መለስኩላት። ባቱም ላይ እንደዚሁ፣ ሰው ሁሉ ሙዝ ሲገዛ እኔ "እጄ ሞልቷል" አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ፌስታሉን አይተው "ቦምብ ነው እንዴ?" አሉኝ።

አዳሚ ቱሉን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ቀየሩት። ብዙም ሳንሄድ መለዋወጫው ደግሞ ተነፈሰ። ወይ ጉድ! ረዳቱ ጎማውን በሞተር ሳይክል ጭኖ ወደ ባቱ ሲመለስ እኛ ግራር ሥር ተቀመጥን። ሲመጣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ሹፌሩም "ዛሬ ከቡልቡላ አላልፍም" አለ። መልካሳ አብሮኝ ለሚሠራው ለቶሎሳ ደወልኩለት። "ቡልቡላ? እህቴ ጫልቱ እያለች ምን ያስጨንቅሻል!" አለና ሳያስጨርሰኝ ስልኩን ዘግቶ ለእሷ ደወለላት።

ጫልቱ አስፋልቱ ዳር ወጥታ ጠበቀችኝ። የኔ እኩያ ናት፣ ሳቂታ፣ እህል ትነግዳለች። "ባጋ ነጋን ዹፍቴ! እንኳን ደህና መጣሽ!" ብላ አገላብጣ ሳመችኝና ቤት እንደደረስን ሻንጣዬንም ፌስታሌንም ከእጄ ተቀበለችኝ። ሻንጣውን ጥግ አስቀመጠች። ፌስታሉን ግን ገለጥ አድርጋ አየችና "ውይ ሰናይት! ጎማ ሲያንገላታሽ ውሎ ደግሞ ምን አስቸገረሽ?" አለች።

ለእነሱ ያመጣሁት መስሏታል። አገራችን አይደለም እንዴ? እንግዳ ባዶ እጁን አይገባም፤ ከሻንጣው ውጪ በእጁ የያዘው ደግሞ የቤቱ ነው። እኔስ ብሆን አዳማ ቤቴ የሚመጣ ሰው ፌስታል ይዞ ሲገባ "የማን ነው?" ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ? ያን ሁሉ ፓፓያና ሙዝ እጄ ሞልቷል እያልኩ አልፌ፣ ዓመት ሙሉ የደከምኩበትን ይዤ ገባሁላቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጫልቱ ፌስታሉን ይዛ ወደ አማቷ ሄደች። ኦቦ ቱፋ የከባድ መኪና መካኒክ የነበሩ፣ አሁን ግማሽ ጎናቸውን ታመው ቤት የዋሉ ሽማግሌ ናቸው። "አባባ፣ እንግዳዋ ያመጣችልዎትን ይዩ" አለቻቸው። በዚያች ደቂቃ "ይቅርታ፣ ይሄ የሌላ ሰው ነው" ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። "ብዙም አይደለም፣ ትንሽ ነገር ናት" የሚል ወጣ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል!

ሽማግሌው ማሸጊያውን በግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ሰነጠቁት። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሮቦቱን አወጡና መዘኑት። "ብረት ነው" አሉ። ገለባበጡት። "ብሎን አለው። ይሄ የልጅ ዕቃ አይደለም።" መመሪያውን ወረቀት እንኳ አላዩትም። ቀኝ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ በግራው አንስተው ሮቦቱ ላይ አስቀመጡት፤ ያ እጅ እየተንቀጠቀጠ ያዘ፣ ግራው እያዞረ አጣጠፈ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ቀን የፈጀብኝን፣ እራት እስኪቀርብ የእሳት አደጋ መኪና አድርገው ጠረጴዛው ላይ ነዱት። ከዚያ ቀና ብለው "ገለቶሚ፣ ልጄ" አሉኝ። ምስጋናቸው አንጀቴን በላው።

ኋላ ጫልቱ ወጥ ስትጨልፍ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦ "ከታመሙ ወዲህ በዚያ እጃቸው ነገር ሲይዙ ዛሬ ገና አየሁ። ሐኪሙ እጅ ማፍታቻ ኳስ ሰጥቷቸው ነበር። 'እኔ ሕፃን ነኝ ወይ' ብለው ለውሻው ወረወሩለት።"

ከዚህ በኋላ ምን ልበል? ወጡን በላሁ፣ እርጎውን ጠጣሁ። ፍራሹ የራሳቸው ነበር፤ ለእንግዳ ለቀውልኝ ጫልቱና ልጇ ምንጣፍ ላይ ተኙ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። አንዴ ራሴን እረግማለሁ፣ አንዴ ሽማግሌውን አስባለሁ፣ አንዴ ደግሞ ያ የዳንኤል ዓይን ይመጣብኛል።

ዓርብ

ጠዋት ስወጣ ጫልቱ ካርቶኑን ይዛ መጣች። "ትናንት ስታዪው ነበር፤ የምትፈልጊው መሰለኝ" አለች። ወይ ነዶ፣ ፊቴ ላይ ታይቶብኛል! ካርቶኑ ከበደኝ። "ዕቃ ባዶ አይመለስም" አለችኝ እየሳቀች። ውስጡን ጩኮ ሞልታዋለች፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ። ሁለት ፌስታል ብትጠቀልለውም ቅቤ ቅቤ ነው፣ ክዳኑን ብከፍት ሽታው ተቀበለኝ። "ስትመለሺ ሳትገቢ ብታልፊ እንጣላለን" ብላ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝ።

ወደ አዳማ ልመለስ ወይስ ልቀጥል? መኪናው ውስጥ ሆኜ ተሟገትኩ። ዶክተሩ ጋ ደውዬ "ሮቦቱ የለም" ብለው አትምጪ ይለኛል። ፊት ለፊት ልለምነው ብዬ ቀጠልኩ። አብያታ በቀኝ በኩል ነጭ ሆኖ አለፈ። ከአርሲ ነገሌ በኋላ አየሩ ቀዘቀዘ። አዳማ ላይ ሹራብ የምንለብሰው ለፋሽን ነው፤ እዚህ ሰው ጋቢ ደርቦ ይሄዳል። እኔ ሹራብ የሚባል ነገር አልያዝኩም።

ሻሸመኔ ያገኘሁት አልጋ ንጹሕ ነበር፣ ውሃ ግን የለውም። ባለቤቷ ስንቀጠቀጥ አይታ በባልዲ ሙቅ ውሃ አመጣችልኝ፤ የራሷን ሹራብም አዋሰችኝ። የት አገሯ ነሽ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። እኛ አዳማ ላይ እንግዳ እንወዳለን እንላለን፤ ሹራባችንን ግን እንጃ።

ዶክተር ከድር ጁምዓ ሰግዶ እስኪመለስ ክሊኒኩ ውስጥ ጠበቅሁት። ሌላ ወንበር ስላልነበር የታካሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሊነቀልልኝ የመጣሁ ይመስል የወንበሩን ክንድ ጨብጬ ያዝኩ። ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ሆኖ አገኘሁት። የኋላውን ክፍል ከፈተልኝ። ወይ አምላኬ! ግድግዳው ሙሉ ሮቦት፤ ከእያንዳንዱ ኋላ የራሱ ካርቶን ቆሟል። የኔ ቡፌ ከዚህ ጋር ሲተያይ የሱቅ መደርደሪያ ነው። ሁለቱ ሰማያዊ ባቡሮች ጎን ለጎን ነበሩ።

"እስቲ ያንቺን" አለኝ።

ካርቶኑን አቀበልኩትና ሳልተነፍስ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ጎማው፣ ፌስታሉ፣ ኦቦ ቱፋ፣ ጫልቱ፣ ሶደሬ፣ ዳንኤል። "ዶክተር፣ ሮቦቱ የለም። ሌላ ቀይ ቤቴ አለኝ፣ ተመልሼ እልክልዎታለሁ፤ ብቻ ሰማያዊውን ለእሁድ ይስጡኝ" አልኩት።

ክዳኑን ከፍቶ ጩኮውን አወጣ። ባዶውን ካርቶን መስኮቱ ጋ ወስዶ ጠርዞቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። ውስጡን አየ። አሸተተው።

"ቅቤ ነክቶታል" አለ።

"ነክቶታል" አልኩ። እንባዬ መጣ።

"ከአይጥ ሽንት ይሻላል።"

ወደ መደርደሪያው ወስዶ አሳየኝ። መሀል ላይ አንድ ቀይ ሮቦት ብቻውን ቆሟል፣ ከኋላው ባዶ ነው፤ በሙሉ ጥርስ መካከል እንደጎደለች አንዲት ጥርስ። "ቀዩማ አለኝ። ካርቶኑን አይጥ በላብኝ። ሁለት ዓመት ይህቺን ቦታ እያየሁ እናደዳለሁ።"

"ታዲያ ሮቦቱን ለምን ጠየቁኝ?"

"ባዶ ካርቶን ላኪልኝ ብልሽ አብዷል ትዪኝ ነበር።"

ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። የኔ ሳቅ ወደ ለቅሶ ሄደ፤ አላፈርኩም፣ አለቀስኩ። ካርቶኑን ከቀዩ ኋላ አቆመውና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ እንደ ሙሽራ አየው። ከዚያ አንዱን ሰማያዊ አወረደልኝ። "ካርቶኑን ግን አልሰጥሽም" አለ፣ ኮስተር ብሎ። በጥጥ ጠቅልሎ የሕክምና ጓንት በመጣበት ካርቶን ውስጥ አደረገልኝ። ጩኮውን እዚያው ከፈትን። የአርሲ ልጅ ስለሆነ ከኔ ይልቅ እሱ በላ።

ቅዳሜ

ሹራቡን ለባለቤቷ መለስኩላትና ገበያ ገባሁ። ያለፈውን ትምህርት አልረሳሁም፦ ሙዝ፣ ስኳር፣ ቡና ገዝቼ ሁለቱንም እጄን ሞላሁ። ሰማያዊው ከሻንጣዬ ሥር፣ ከልብስ በታች ተቀብሯል። ቡልቡላ ስወርድ ጫልቱ እጄ ላይ ያለውን ሁሉ ስትቀበለኝ ሻንጣውን ብቻ "ይሄን እኔ" ብዬ አልለቅም አልኳት። ገርሟት አየችኝ።

ኦቦ ቱፋ ጠረጴዛው ጋ ነበሩ፣ ቀዩ ከፊታቸው። "አንገቱ ይጠብቅ ነበር፤ የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ አደረግሁበት" አሉኝ። አዞሩልኝ። ግራው እጅ አሁንም አለቃ ነው፤ ቀኙ ግን እንደ ሐሙስ ዝም ብሎ አይደገፍም፣ አመልካች ጣቱ ይገፋል። "የሮቦቱ እግር ከኔ እግር ይሻላል" ብለው ቀለዱ።

ምሳ ስንበላ ሻሸመኔ ምን ወሰደሽ አሉኝ። ስለ ዳንኤልና ስለ አዋሽ፣ ስለ ሐኪሙም ነገርኳቸው። የቀዩን ነገር ግን ዘልዬ አለፍኩት። መካኒክ አይታለልም። ማላመጣቸውን አቆሙ።

"በምን ቀየርሽው?"

ዓይኔ ቀዩ ላይ አረፈ። ጫልቱ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። "ሰናይት! ለኛ አልነበረም እንዴ?" ፊቷ ሲቀላ አየሁ። "እኔ ነኝ ከእጅሽ የነጠቅሁት!"

ሽማግሌው በዚያ በታመመው እጃቸው ቀዩን ወደ እኔ ገፉት። ቀስ እያለ መጣ። እኔም ይዤ መልሼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። "ኦቦ ቱፋ፣ ሐሙስ ዕለት የከፋኝ እውነት ነው። በውስጤ ስሳደብ ነው ያደርኩት። አሁን ግን ውሰጂ ቢሉኝም አልወስድም። ሐኪሙ የፈለገው ካርቶኑን ነበር፤ ሮቦቱ የእርስዎ ነው።"

ቀዩን ወደ ራሳቸው ሳቡት። "እንግዲያስ ሰማያዊውን አሳዪኝ" አሉ።

ሻንጣውን እስከ ሥሩ በረበርኩ። ሰጠኋቸው። ልዋሻችሁ አልችልም፣ እጄ አልለቀውም ብሎ ነበር። እሳቸው ቀስ ብለው ባቡር አደረጉትና ከጎኑ ያለችውን አንዲት መታጠፊያ አሳዩኝ። "ለወንድምሽ ንገሪው፤ እዚህ ጋ በኃይል አይጫናት። ቀስ ካሏት ራሷ ትገባለች።" ጫልቱ ደግሞ አዲስ ጩኮ ይዛ መጣች። ሙዙን ያመጣሁበት ዘንቢል ባዶ ይመለሳል እንዴ?

ከቡልቡላ እስከ ሞጆ አንድ ጎማ አልተነፈሰም። አዳማ ስገባ ነፋሱ አቧራውን ፊቴ ላይ ደፋው፤ እሰይ፣ አገሬ ገባሁ አልኩ።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁላችንም ዳንኤል ቤት ገባን። ኬኩ ተቆረሰ፣ ተጸለየለት። ዳንኤል የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ድምፅ። የጓንቱን ካርቶን ስሰጠው ጽሑፉን አንብቦ "ጓንት! እህቴ ዕቃ እንዳጥብ ፈልጋለች" አለና ቤቱን አሳቀው። ከዚያ ጥጡን ገለጠ።

ሮቦቱን በመዳፉ ይዞ ቆየ። ከዚያ ማጣጠፍ ጀመረ፤ ጣቶቹ ረስተውታል። አንዷ ቦታ ላይ ሲያስገድዳት "ቀስ፣ እዚያ ጋ በኃይል አይሆንም፤ ኦቦ ቱፋ ብለዋል" አልኩት። ማን ናቸው ብሎ አልጠየቀኝም። ቀስ ሲላት ገባች። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ ልጆቹ እያዩት፣ ባቡሩን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እየነዳ ከንፈሩን አሞጥሙጦ "ቱ... ቱ..." አለ።

የአዞዋን ቀልድ ጠበቅሁ። አልመጣችም።

"ሰናይት" አለኝ ዝቅ ብሎ፣ "ያን ቀን እኮ አዋሽ ውስጥ ዘልዬ ልገባ ነበር። እማዬ ናት በቀበቶዬ የያዘችኝ። አባዬ ሌላ እንደማያመጣ አውቅ ነበር።"

በዚህ ሁሉ ዓመት ይሄን ነግሮኝ አያውቅም። "ይቅር በለኝ፣ ዳኒዬ" አልኩት። እኔም ብዬው አላውቅም ነበር፤ ለካ ሁለታችንም በቀልዷ ተሸፍነን ነው የኖርነው። አንገቴን በአንድ እጁ አቀፈኝ፣ በሌላው ባቡሩን እንደያዘ።

ኋላ ልጆቹ "ለበዓሉ ሶደሬ ውሰዱን" ብለው ሲጮሁ ዳንኤል ባቡሩን ኮቱ ኪስ ከተተና በሰፊ ድምፁ "እንሄዳለን!" አለ። "ይቺን ግን እኔ ነኝ የምይዛት። ሰናይት አጠገብ ማንም እንዳያስቀምጣት!"

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ እንደ ልማዴ ዓይኑን ተከትዬ አየሁ። መስኮቱ ጋ አልሄደም፤ እኔኑ ያያል።